ዊንዶውስ ሆም ላይ "የለም" የሚባሉትን ነገሮች እንዴት እናድርጋቸው? ፕሮ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት

አንድ መመሪያ ከፍታችሁ አንድ በአንድ እየተከተላችሁ ነው እንበል፣ አንደኛው ሰራ፣ ሁለተኛው ሰራ፣ ሶስተኛው ላይ "ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተርን ክፈቱ" ይላል፣ ስሙን ትጽፋላችሁ፣ ኮምፒውተሩ እንደዚህ የሚባል ነገር አላገኘሁም ይላችኋል። ፊደል ስቼ ይሆናል ብላችሁ ደግማችሁ ትጽፋላችሁ፣ ሪስታርት ታረጋላችሁ፣ ቫይረስ ይሆን እንዴ ብላችሁ ስካን ታረጋላችሁ። እኔ አንድ ሙሉ ማታ እንደዚህ ስታገል አድሬያለሁ። በኋላ ሲገባኝ ኮምፒውተሩም ምንም አልሆነም እኔም አልተሳሳትኩም፣ መመሪያው የተጻፈው ለፕሮ ነው፣ የኔ ደግሞ ሆም ነበር፣ ያንን አንድ መስመር ከላይ የጻፈልኝ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ይሄ ጽሁፍ ከዛ መስመር ይጀምር፦ ዊንዶውስ አንድ አይደለም፣ ኤዲሽን የሚባል ነገር አለው፣ አንዳንዱ ነገር ያለው የተወሰኑ ኤዲሽኖች ላይ ብቻ ነው። ደስ የሚለው ነገር ግን አብዛኛው ሰው ሆም ላይ የለም ብሎ የሚተወው ነገር ወይ በሌላ መንገድ እዛው ሆም ላይ አለ ወይ በነጻ የሚተካው አለ።

መጀመሪያ የናንተ የቱ እንደሆነ እወቁ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ጋር አንድ ላይ ተጫኑ፣ በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ዊንቨር ብላችሁ ጻፉ፣ ኢንተር። የሚመጣው መስኮት ላይ ከላይ ቨርዥን የሚል ቁጥር ታያላችሁ፣ ብዙ ሰው እሱን አይቶ ይዘጋዋል፣ እሱ አይደለም የምንፈልገው። ዝቅ ብላችሁ ስለ ንግድ ምልክት የሚያወራውን አረፍተ ነገር አንብቡት፣ እዛ ውስጥ ነው ዊንዶውስ 11 ሆም ወይ ፕሮ ብሎ የሚጽፈው። ካልተመቻችሁ ሴቲንግ ግቡና ሲስተም፣ ከዛ መጨረሻ ላይ ያለው አባውት፣ እዛ ኤዲሽን የሚል ለብቻው ተጽፎ አለ። ቨርዥንና ኤዲሽን እንዳይምታታባችሁ፣ ቨርዥን መቼ የወጣ እንደሆነ ነው የሚናገረው፣ ለምሳሌ 24ኤች2 ማለት በ2024 ሁለተኛ አጋማሽ የወጣው ማለት ነው፣ አፕዴት ስታረጉ ይቀየራል። ኤዲሽን ግን ምን ምን እንደተፈቀደላችሁ ነው፣ አፕዴት ብታረጉ መቶ ጊዜም አይቀየርም። "ሁሉንም አፕዴት አድርጌያለሁ ግን አልመጣልኝም" የሚል ሰው ባየሁ ቁጥር ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ኤዲሽኑ ስም ላይ ሌላ ቃል ከተጨመረበትም ልብ በሉ። ሆም ሲንግል ላንጉጅ የሚል ከሆነ የምናወራው ስለ ሆም ነው፣ ግን ሜኑው የሚታይበትን ቋንቋ መቀየር አትችሉም። መጨረሻው ላይ ኤን የምትል ፊደል ካለች ለአውሮፓ ገበያ የተዘጋጀው ነው፣ ሚዲያ ፕሌየርና ከሱ ጋር የሚሄዱት ነገሮች ወጥተውበታል፣ ቪዲዮ አልከፍት ካላችሁ ወይ አንዳንድ አፕ አልሰራ ካላችሁ ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብታችሁ ሚዲያ ፊቸር ፓክ የሚለውን ጨምሩ፣ ነጻ ነው። ኤስ ሞድ የሚል ካለ ደግሞ ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጪ ምንም አፕ አያስገባም፣ ከሱ መውጣትም ነጻ ነው፣ ስቶር ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ግን አንዴ ከወጣችሁ መመለስ የለም።

ለምን እንደዚህ ሆነ ለሚል ሰው፣ ነገሩ የቆየ ነው። በ2001 ኤክስፒ ሲወጣ ጀምሮ ሆምና ፕሮፌሽናል ተብሎ ተከፍሏል፣ ያኔም ሪሞት ዴስክቶፕ (ኮምፒውተርን ከሌላ ቦታ ሆኖ ከፍቶ መጠቀም) ተቀብሎ ማስገባትና የድርጅት ዶሜይን (የመስሪያ ቤት ኮምፒውተሮች በአንድ ላይ የሚተዳደሩበት) ውስጥ መግባት ለፕሮፌሽናሉ ነበር። ቪስታ ላይ ሆም ቤዚክ፣ ሆም ፕሪሚየም፣ ቢዝነስ፣ ኢንተርፕራይዝ፣ አልቲሜት እየተባለ በዛ፣ ዊንዶውስ 7 ስታርተር የሚባለው ደግሞ የዴስክቶፑን ምስል እንኳን መቀየር አይፈቅድም ነበር። ይሄን ሁሉ የማወራው አንድ ነገር እንዲገባችሁ ነው፦ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ብዙውን ጊዜ አንድ አይነት ነው። ሆምና ፕሮ የሚጫኑት ከአንድ የመጫኛ ፋይል ነው፣ የትኛው በር እንደሚከፈት የሚወስነው ላይሰንሱ ነው። ለዛ ነው ከሆም ወደ ፕሮ ሲቀየር ሙሉ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሳይወርድ በትንሽ ደቂቃና በአንድ ሪስታርት የሚያልቀው።

እና አንድ ነገር የለም ሲባል ሶስት አይነት "የለም" አለ፣ እኔ ሁሌ መጀመሪያ የምጠይቀው የቱ ነው ብዬ ነው። አንደኛው መክፈቻው ብቻ ነው የሌለው፣ ነገርየው ራሱ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ነገርየው ራሱ የለም። ሶስተኛው ነገርየው በሌላ ስም አለ፣ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያሟላው ነገር ይፈልጋል። ግሩፕ ፖሊሲ በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ሁለተኛው ነው፣ ዲስክ መቆለፍ ሶስተኛው ነው። በዚሁ ቅደም ተከተል እንሂድ።

ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር ማለት በቃ ብዙ መቶ ማብሪያ ማጥፊያ ያለበት ሰሌዳ ነው። ማብሪያዎቹን ስትነኩ ከኋላ የሚሆነው ነገር ግን ባብዛኛው ቀላል ነው፣ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ሴቲንጎች የሚቀመጡበት ቦታ) ውስጥ ፖሊሲስ የሚባል ፎልደር ስር አንድ ቁጥር ይጻፋል፣ ዊንዶውስ እሱን ያነባል። ሆም ላይ ሰሌዳው የለም፣ የሚያነበው ዊንዶውስ ግን ያው ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን በእጃችሁ ብትጽፉት ብዙ ጊዜ ይሰራል። አንድ የሚሰራ ምሳሌ ላሳያችሁ፣ ስታርት ሜኑ ላይ ፋይል ስትፈልጉ ከኢንተርኔት የሚመጣውን ውጤት ማጥፋት። መጀመሪያ ዊንዶውስ ቁልፍና አር፣ ሬጅኤዲት ብላችሁ ግቡ። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፋይል የሚለውን ክሊክ አድርጋችሁ ኤክስፖርት በሉና አንድ ቦታ አስቀምጡ፣ እባካችሁ ይሄን አትዝለሉት፣ ሬጂስትሪ አንድ ነገር ከተሳሳታችሁ አንዱ ብቻ ሳይሆን ሌላም ይበላሻል፣ ያስቀመጣችሁት ፋይል ካለ ግን ስትፈልጉ መልሳችሁ ታስገቡታላችሁ። ከዛ ከግራ በኩል ከረንት ዩዘር የሚለውን ክፈቱ፣ ውስጡ ሶፍትዌር፣ ውስጡ ፖሊሲስ፣ ውስጡ ማይክሮሶፍት፣ ውስጡ ዊንዶውስ። እዛ ኤክስፕሎረር የሚባል ፎልደር ከሌለ ዊንዶውስ የሚለው ላይ ራይት ክሊክ አርጋችሁ ኒው ከዛ ኪይ ብላችሁ ኤክስፕሎረር የሚል ስም ስጡት። እሱ ውስጥ ገብታችሁ ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ፣ ኒው፣ ዲወርድ 32 ቢት የሚለውን ምረጡ፣ ስሙን ዲሴብል፣ ሰርች፣ ቦክስ፣ ሰጀስሽንስ የሚሉትን አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ያለ ክፍተት አያይዛችሁ ጻፉ፣ ደብል ክሊክ አርጋችሁ ዋጋውን 1 አርጉት። ሳይን አውት ብላችሁ ስትገቡ ፍለጋው ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ብቻ ያሳያል። ካልወደዳችሁት ያቺን የፈጠራችኋትን ዲወርድ መሰረዝ ነው፣ በቃ እንደድሮው ይሆናል።

ሌሎችንም በዚሁ መንገድ ማድረግ ይቻላል፣ መመሪያ ስትፈልጉ "በግሩፕ ፖሊሲ" ከማለት "በሬጂስትሪ" ብላችሁ ፈልጉ፣ ግን ሁሉም አይሰራም። አንዳንዱን ፖሊሲ ዊንዶውስ ከማንበቡ በፊት ኤዲሽኑን ያያል። ለምሳሌ ወደ ማይክሮሶፍት የሚላከውን ዲያግኖስቲክ ዳታ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ማድረግ የሚቻለው ኢንተርፕራይዝና ኤዱኬሽን ላይ ነው፣ ፕሮ ላይ እንኳን 0 ብላችሁ ብትጽፉ እንደ 1፣ ማለትም የግድ የሚላከው ይላክ እንዳላችሁ ነው የሚቆጥረው። ይሄ ማለት "ፕሮ ግዛ ሁሉም ይጠፋል" ብሎ የሚመክራችሁ ሰው ልክ አይደለም ማለት ነው። የማይክሮሶፍት የፖሊሲ ሰነዶች ላይ ለብዙዎቹ ፖሊሲዎች የትኛው ኤዲሽን እንደሚቀበለው በሰንጠረዥ ተቀምጧል፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ስክሪፕት ጋ እንምጣ፣ ኖትፓድ ላይ ለጥፋችሁ ባት ብላችሁ ሴቭ አርጋችሁ በአድሚን የምታስነሱት። የሚሰራው ነገር ምንድነው፣ ዊንዶውስ ራሱ ዲስኩ ላይ ያስቀመጣቸውን የግሩፕ ፖሊሲ ፓኬጆች ፈልጎ በዲዝም (የዊንዶውስ የራሱ ፓኬጅ መጫኛ ትእዛዝ) ይጭናቸዋል፣ ሰሌዳው ይከፈታል፣ ደስ ይላል። ችግሩ ሰሌዳው መከፈቱና ማብሪያው መስራቱ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ሆም ላይ የማይከበረው ፖሊሲ አሁንም አይከበርም፣ እናንተ ግን ኢኔብልድ የሚል ስላያችሁ የሰራ ይመስላችኋል። ለደህንነት ብላችሁ ያበራችሁት ነገር ሳይበራ በራ ብላችሁ ካመናችሁ ካለማብራት የባሰ ነው። በዛ ላይ ስክሪፕቱን ከየትም ቦታ አውርዳችሁ በአድሚን ስታስነሱት ውስጡ ሌላ መስመር ቢኖርስ? ሬጂስትሪ ላይ አንድ ቁጥር መጻፍ ስትችሉ እኔ እሱን አልመክርም።

ሪሞት ዴስክቶፕ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው አቅጣጫው ይምታታበታል። ሆም ያለው ኮምፒውተር ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግባት ይችላል፣ መክፈቻው አለ። የማይችለው ሌላ ሰው ወደሱ እንዲገባ መቀበል ነው። ስለዚህ ፕሮ የሚያስፈልገው የሚገባበት ኮምፒውተር ነው እንጂ ይዛችሁት የምትዞሩት አይደለም፣ ሁለት ኮምፒውተር ካላችሁ አንዱን ብቻ ነው ምትቀይሩት። ሆም ላይ ይሄንን በግድ የሚከፍት ራፐር የሚባል ነገርም አለ፣ ከላይሰንሱ ውጪ መሆኑ እንዳለ ሆኖ ዊንዶውስ አፕዴት ሲያረግ ብዙ ጊዜ ይሰበራል፣ አንቲቫይረስም ይይዘዋል፣ ወደ ኮምፒውተራችሁ የሚያስገባ በር ላይ እንደዚህ አይነት ነገር ማስቀመጥ ትክክል አይመስለኝም።

ታዲያ ምን እናርግ? አንድን ሰው ለመርዳት ብቻ ከሆነ ክዊክ አሲስት የሚባል አለ፣ ሆም ላይም ይሰራል፣ እናንተ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ኮድ ታወጣላችሁ፣ ያኛው ሰው ኮዱን አስገብቶ ይፈቅዳል፣ እስክሪኑን ታዩለታላችሁ። እዛ ጋ የተቀመጠ ሰው መኖር ስላለበት ግን የራሳችሁን ኮምፒውተር ማንም በሌለበት ለመክፈት አይሆንም። ለሱ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ወይ ረስትዴስክ ጥሩ ናቸው፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ሁለተኛው ኮዱ ክፍት ነው፣ የራሳችሁ ሰርቨር ላይም ልታረጉት ትችላላችሁ። አንድ ማሳሰቢያ፣ ማንም ቢሆን ደውሎ "ከቴክኒክ ክፍል ነኝ ክዊክ አሲስት ክፈትና ይሄን ኮድ አስገባ" ካላችሁ ዝጉት፣ ኮድ የምታስገቡት እናንተ ራሳችሁ እርዳታ የጠየቃችሁት ሰው ሲሰጣችሁ ብቻ ነው።

ፕሮ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር። አንደኛ ራውተር ላይ 3389 የሚባለውን ፖርት ለኢንተርኔት አትክፈቱ፣ ቀን ከሌት ፓስወርድ እየሞከሩ የሚዞሩ ቦቶች አሉ፣ ከውጪ መግባት ካስፈለጋችሁ ቪፒኤን አድርጋችሁ በሱ ውስጥ ግቡ። ሁለተኛ፣ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ አላስገባም ካላችሁ ፒን እየጻፋችሁ እንዳይሆን፣ ፒን ለዛ ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ በሪሞት አይሰራም፣ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁን ራሱን ፓስወርድ ነው የሚፈልገው፣ ኮምፒውተሩንም ከተከላችሁት ጀምሮ በፒን ብቻ ስትገቡ ከነበረ አንዴ እዛው ቁጭ ብላችሁ በፓስወርድ ግቡና ከዛ ሞክሩ።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ዲስክ መቆለፍ። ይሄኛው ላይ ረዘም ብዬ ላወራ ነው፣ ምክንያቱም ሌላው ቢበላሽ ይስተካከላል፣ እዚህ ጋ የጠፋ ፋይል ግን አይመለስም። ቢትሎከር የሚባለው ሙሉው ነገር ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤዱኬሽን ላይ ነው ያለው። ሆም ላይ ደግሞ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚባል አለ፣ ብዙ ሰው ሌላ ነገር ይመስለዋል፣ ከውስጥ ግን ያው ቢትሎከር ነው፣ ምርጫዎቹ ተቀንሰው አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ የቀረለት ነው። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን። እዛ ከሌለ ኮምፒውተሩ አያሟላም ማለት ነው፣ ለምን እንደሆነ ለማየት ኤምኤስኢንፎ32 ብላችሁ ፈልጉና ራይት ክሊክ አርጋችሁ በአድሚኒስትሬተር ክፈቱት፣ ዝርዝሩን እስከ ታች ውረዱ፣ ስለ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚናገር መስመር አለ፣ ምክንያቱን ጽፎላችኋል። ብዙ ጊዜ ቲፒኤም (ቁልፎችን የሚይዘው የደህንነት ክፍል) ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ጠፍቶ ነው ወይ ሴኪውር ቡት (ሲነሳ የታመነውን ሲስተም ብቻ የሚያስነሳው) ጠፍቶ ነው፣ ያ ከሆነ ማብራት ነው። ከ24ኤች2 ጀምሮ ደግሞ የሚጠይቃቸውን አንዳንድ የሃርድዌር መስፈርቶች ስለቀነሰ ድሮ አይችልም የተባለ ኮምፒውተር አሁን ሊችል ይችላል፣ አንዴ አይታችሁ ከነበረ ድጋሚ እዩት።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ዲስካችሁ አሁኑኑ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ሳታውቁ። አዲስ ኮምፒውተር ገዝታችሁ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ መስፈርቱን ካሟላ ራሱ ይቆልፈዋል፣ ቁልፉን አካውንታችሁ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዛ በኋላ ምንም አይነግራችሁም፣ በየቀኑ ስትከፍቱ ምንም አይጠይቃችሁም። የሚጠይቃችሁ ማዘርቦርድ ስትቀይሩ ወይ ባዮስ አፕዴት ስታረጉ ወይ ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩ ነው፣ ሰማያዊ እስክሪን መጥቶ 48 አሃዝ ያለው ሪከቨሪ ኪይ አምጡ ይላል። የማውቀው ሰው ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ማዘርቦርዱ ሲቀየርለት እንደዚህ ሆነበት፣ ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የከፈተው በአሮጌ ኢሜይል ነበር፣ ኢሜይሉ ተዘግቷል፣ የስንት አመት ፎቶ እዛ ውስጥ ቀረ። ማንም ሊከፍትለት አልቻለም፣ ማይክሮሶፍትም የጠፋ ቁልፍ ፈጥሮ መስጠት አይችልም፣ የመቆለፉ ትርጉሙም ያ ነው።

ስለዚህ ሆምም ይሁን ፕሮ ይሄን ዛሬ አርጉት። ሰርች ላይ ሲኤምዲ ብላችሁ በአድሚኒስትሬተር ክፈቱ፣ ማኔጅ ሰረዝ ቢዲኢ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ ስታተስ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ይሄ ትእዛዝ ሆም ላይም አለ። ሲ ድራይቭ ስር ፕሮቴክሽን ኦን የሚል ካለ ተቆልፏል። ከዛ በብራውዘር የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ግቡ፣ ዲቫይስስ የሚለው ውስጥ ኮምፒውተራችሁን ስትከፍቱ ሪከቨሪ ኪይ የሚል አለ። እዛ ያለው የቁልፉ መለያ ስምንት ፊደልና ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ለማየት በዛው ጥቁር መስኮት ማኔጅ ሰረዝ ቢዲኢ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ ፕሮቴክተርስ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ ጌት፣ ክፍተት፣ ሲ እና ሁለት ነጥብ ብላችሁ ጻፉ፣ ሙሉውን 48 አሃዝም ያሳያችኋል። ወረቀት ላይ ጻፉት ወይ ፕሪንት አርጉት፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ግን አታስቀምጡት። እዛው ዲስክ ላይ በፋይል ማስቀመጥማ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በር መዝጋት ነው።

ሆም የማይችለው ምንድነው ታዲያ፣ ፍላሽና ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መቆለፍ አይችልም። ፕሮ ላይ የተቆለፈ ፍላሽ ግን ሆም ላይ ፓስወርዱን አስገብታችሁ ትከፍቱታላችሁ፣ ታነባላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ስለዚህ ጓደኛችሁ ፕሮ ካለው አንዴ እሱ ጋ ቆልፋችሁ እናንተ ጋ መጠቀም ትችላላችሁ። ካልሆነ ቬራክሪፕት አለ፣ ነጻ ነው፣ ማክና ሊነክስ ላይም ይከፈታል፣ እኔ ለውጫዊ ዲስክ እንደውም እሱን ነው የምመርጠው።

ሃይፐር ቪ (ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሶፍትዌር የሚያስነሳው) እና ሳንድቦክስ ሁለቱም ሆም ላይ የሉም። ሃይፐር ቪ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማስነሳት ለሚፈልግ ቨርቹዋልቦክስ ለብዙ ነገር ይበቃል፣ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮም ከ2024 ኖቬምበር ጀምሮ ለሁሉም ነጻ ሆኗል፣ ለስራም ጭምር። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ዊንዶውስ ውስጥ ሊነክስ የሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል ሁለተኛው ሆም ላይም በደንብ ይሰራል፣ ተርሚናል በአድሚን ከፍታችሁ ደብሊውኤስኤል፣ ክፍተት፣ ሁለት ሰረዝ ኢንስቶል ማለት ነው፣ ሪስታርት፣ አለቀ። ዶከር ዴስክቶፕም በሱ ላይ ተደግፎ ሆም ላይ ይነሳል፣ ስለዚህ ፕሮግራሚንግ ለመማር ብላችሁ ፕሮ አትግዙ። ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ቨርቹዋላይዜሽን ባዮስ ላይ መብራቱን ነው፣ ታስክ ማኔጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ፣ ሲፒዩ የሚለው ስር ቨርቹዋላይዜሽን ኢኔብልድ ካለ በርቷል። ሳንድቦክስ፣ ማለት የተጠራጠራችሁትን ፋይል ከፍታችሁ ስትዘጉት ሁሉም የሚጠፋበት፣ እሱን በትክክል የሚተካ ሆም ላይ አላገኘሁም፣ ቨርቹዋልቦክስ ላይ ስናፕሾት (የዛን ሰዓት ሁኔታ ቅጂ) አንስቶ ሲጨርሱ ወደዛ መመለስ የሚቀርበው ነው።

አጫጭሮቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ሎካል ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ የሚባለው መስኮት ሆም ላይ ለዚህ ኤዲሽን አይሆንም ይላል፣ ኔትፕልዊዝ የሚለውን ሞክሩ፣ ወይ ሲኤምዲ ላይ ኔት ዩዘር፣ ዩዘር መጨመሩም ፓስወርድ መቀየሩም በሱ ይሆናል። አፕዴት ማቆየት ሆም ላይ እስከ 5 ሳምንት ፖዝ ማድረግ ነው፣ ከዛ በኋላ የመጣውን ሳይጭን ድጋሚ ፖዝ አያስደርግም፣ ፕሮ ላይ በፖሊሲ ትልልቆቹን እስከ 365 ቀን፣ ወርሃዊዎቹን እስከ 30 ቀን ማዘግየት ይቻላል። ራም፣ ሆም እስከ 128 ጊጋ ይቀበላል፣ ፕሮ እስከ 2 ቴራ፣ ይሄ የሚያሳስበው ሰው ራሱን ያውቃል። ጌም ይፈጥናል ወይ ለምትሉ፣ አይፈጥንም፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሆምና ፕሮ በፍጥነት አይለያዩም።

እሺ ይሄን ሁሉ አይታችሁ አሁንም ፕሮ ካስፈለጋችሁ፣ ማለትም የመስሪያ ቤት ዶሜይን ውስጥ ኮምፒውተሩን ማስገባት ካለባችሁ ወይ ሪሞት ዴስክቶፑን የግድ ካላችሁ ወይ ሃይፐር ቪ ለስራችሁ ከሆነ፣ አሰራሩ ቀላል ነው። ባክአፕ ያዙ፣ ፋይልና አፕ አይጠፋም ግን ያዙ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን፣ አፕግሬድ ዩር ኤዲሽን የሚለውን ክፈቱ፣ ወይ ከስቶር ትገዛላችሁ ወይ የገዛችሁትን ኪይ ቼንጅ በሚለው ታስገባላችሁ። ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም የተጻፈ ጀነሪክ የሚባል ኪይ ታገኛላችሁ፣ ኤዲሽኑን ይቀይረዋል እንጂ አክቲቬት አያደርግም፣ ፕሮ የሚል ስም አይታችሁ ገዝቻለሁ እንዳትሉ። በጣም የረከሰ ኪይም ብዙ ጊዜ ለድርጅት በጅምላ የተሰጠ ተነጣጥሎ የሚሸጥ ነው፣ ዛሬ ሰርቶ ማይክሮሶፍት ሲዘጋው አብሮ ይቆማል። ደግሞ አስቡበት፣ ከፕሮ ወደ ሆም ፋይልና አፕ ይዞ የሚመልስ መንገድ የለም፣ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ፣ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አልቋል፣ ፕሮ መግዛት ይሄን አያስተካክለውም። ቲፒኤም 2.0 የሌለው ኮምፒውተር ፕሮም ቢሆን ወደ 11 በደንቡ አይገባም፣ የሚገባው ደግሞ ሆም የነበረው ሆም ሆኖ ፕሮ የነበረው ፕሮ ሆኖ ነው የሚገባው፣ በነጻ።

ፕሮ ከሆናችሁ በኋላ ደግሞ ነገሮቹ በራሳቸው አይበሩም። ሃይፐር ቪ እና ሳንድቦክስ ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ምልክት ታረጉላቸዋላችሁ፣ ሪስታርት ይጠይቃል። ሪሞት ዴስክቶፕ ሴቲንግ ሲስተም ውስጥ ራሱን ችሎ ማብሪያ አለው። አንድ ቀን ዊንዶውስ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ከፍላሽ ስትጭኑ ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ ሆም ሊጭንባችሁ ይችላል፣ አትደንግጡ፣ ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የሆም ኪይ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተጻፈ መጫኛው እሱን አንብቦ ነው። ድጋሚ አትግዙ፣ የፕሮው ዲጂታል ላይሰንስ ከዛው ኮምፒውተር ጋር ተመዝግቧል፣ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ግቡ፣ አክቲቬሽን የሚለው ውስጥ ትራብልሹት የሚለውን ንኩ፣ ለዚህ ኮምፒውተር የፕሮ ላይሰንስ አለ ብሎ ወደ ፕሮ ያሻግራችኋል።